የዚሩ ክዳንና አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ

ሳይንስ ቤቴ ድረስ የመጣው ማክሰኞ ቀን፣ በውሃ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ መኪናም ጫማም አላሳልፍ ብሎ፣ በሰፈራችን ከአህያ በቀር እግሩን የሚያምን ፍጡር አልነበረም። በርሚሉ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ የላስቲክ ከረጢት ታቅፋለች። ሳይንሱ ከረጢቱ ውስጥ ነበር።

ጋሪው እኔ በር ላይ የቆመው ልጅቷ "ፊደል የምታውቅ ሴት አለች?" ብላ ስለጠየቀች ነው። ጎንደር አስተማሪ ነበርኩ። ወደዚህ ከተሻገርን ወዲህ ተማሪ ባይኖረኝም የሰፈሩ ደብዳቤ ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ ማን እንደታረቀ፣ ማን እንደተጣላ፣ ማን ባሕር ማዶ ሆኖ እናቱን እንደዋሸ ከባለ ጉዳዩ ቀድሜ አውቃለሁ። አህያው ሳይቀር ቤቴን ያውቀዋል።

ልጅቷ ሰላም ትባላለች። ወላጆቿ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው ካርቱም ነው፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስነ ልቦና ትማራለች። አማርኛዋ በደህና ይነሣና ዳገት ሲገጥመው ወደ ዐረብኛ ይታጠፋል።

"ኻልቲ" አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። "የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ወንድና ሴት ልዩነት ነው። ያኒ... ማለቴ፣ የሰውነት ልዩነት አይደለም!"

"እሱንማ ደርሰንበታል" አልኳት።

አፍራ ሳቀች። ውሃ ልስጣት ብዬ ወደ ዚሩ ሄድኩ። ዚር የምንለው ውሃ የምናቀዘቅዝበት ትልቁ የሸክላ ጋን ነው፤ ገዳሪፍ ላይ ካለ ዚር የሚኖር ሰው የለም። ቀድቼ ሰጠኋትና ክዳኑን መለስኩት። ከዚያ እንደገና ዞሬ መከደኑን አየሁ። ይህ የቆየ በሽታዬ ነው፤ ምክንያቱን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

"የግንኙነት ልዩነት ነው የማጠናው" ብላ ቀጠለች። "ወንድ ከጓደኛው ጋር እንዴት ነው? ሴት ከጓደኛዋ ጋር እንዴት ናት? ሲከፋቸው ለማን ይናገራሉ? አስተማሪያችን እንደሚለው ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ስሜታቸውን ያወራሉ። ወንዶች ጎን ለጎን ሆነው የሆነ ነገር ይሠራሉ እንጂ አያወሩም። ይህ እኛ ሰፈርም እውነት መሆኑን በመጠይቅ ማረጋገጥ አለብኝ።"

እኔ ከአንድ ወንድ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ይህን ለማረጋገጥ መጠይቅ አላስፈለገኝም፤ እራት ማቅረብ ብቻ ይበቃ ነበር። ባለቤቴ አለሙ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መካኒክ ነበር። ከምሳ እስከ እራት የሚናገረውን ብትሰበስቡት የክብሪት ሳጥን አይሞላም።

"ልጄ፣ እኔ ሐዘን ላይ ነኝ" አልኳት። ጥቁር ከለበስኩ ገና አሥረኛ ወር ነበር። "ሌላ ሰው ፈልጊ።"

"ወረቀቱን ብቻ እዪልኝ" አለችና ሰጠችኝ።

ሃያ ጥያቄ ነው። ወረቀት ማንበብ ልማዴ ስለሆነ እንጂ ልቀበላት አስቤ አልነበረም። ዓይኔ ቁልቁል ሲወርድ አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ደረሰና ቀጥ አለ። እንዲህ ይላል፦ "ከቅርብ ጓደኛህ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ስትገናኙ ስለ ምን ተነጋገራችሁ?"

"መቼ ልጀምር?" አልኳት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና ምክንያቴን ላስረዳ። አለሙ የሞተው ዶካ በሚባለው የእርሻ አገር ነው። የማሽላ አጨዳ ደርሶ ትራክተር ተበላሽቷል ተብሎ ጠዋት በሎሪ ሄደ፤ ከእሱ ጋር የሄደው የሥራ ጓደኛው አያ ደሴ ነበር። ሃያ ዓመት አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎን ለጎን የሠሩ ሰዎች ናቸው። ከሰዓት በኋላ የአለሙን ሬሳ ይዞ የመጣው ያው ደሴ ነው። "ልቡ ቆመ" ብለው ነገሩኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት አጠገቡ የነበረ ሰው ቃሉን ለቤተሰቡ ያደርሳል። ምን አለ፣ ማንን ጠራ፣ ማንን አደራ አለ። ይህ ለለቀስተኛ ከመብልም ከመጠጥም ይበልጣል። ደሴ ግን ሬሳውን አስገብቶ፣ መቃብር ቆፍሮ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ድንኳን ነቅሎ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። አርባው ላይ መጥቶ አጥር ሥር ተቀመጠና ሳልደርስበት ወጣ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ የሌላ ሰው ግቢ ይገባል። አንድ ቀን ከእኔ ሲሸሽ የገባበት ቤት ሴቶች ጸጉር የሚሠሩበት ነበር፤ ተቀምጦ ተራ ሲጠብቅ ቆየ ይላሉ።

እኔም ሄጄ አልጠይቀውም። አንደኛ፣ ግዴታው የእሱ ነው። ሁለተኛ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ብቻዋን ጋራዥ ሄዳ ወንድ ስትፈልግ ብትታይ፣ እኔ ቤቴ ሳልመለስ ወሬው ሾዋክ ከተማ ይደርሳል።

ሦስተኛውን ምክንያት መጻፍ ይከብደኛል። እጽፈዋለሁ።

ያን ቀን ጠዋት አለሙ ውሃ ጠጥቶ ዚሩን ሳይከድን ሄደ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ይጠጣል፣ ክዳኑን ግድግዳ ያስደግፋል፣ ይሄዳል። ነፋስ ነበርና አቧራው ገባ፤ እንሽላሊትም ገብታ ሰጠመች። የውሃ ጋሪውም ያን ቀን ቀረ። ዚሩን ደፍቼ ሳበቃ ወደ ጎረቤቴ ወደ እማማ ጥሩ ሄጄ ፊት ለፊት ተቀመጥንና እስከ ቀትር ድረስ ስለዚያ ሰው ያልኩትን አልኩ። እጅ የለውም አልኩ፤ ዓይን የለውም አልኩ፤ ክዳን ለሱ ምኑ ነው አልኩ። እኔ ይህን ስል እሱ ዶካ ላይ እየሞተ ነበር። እንግዲህ ከእኔ የተሰማው የመጨረሻ ነገር ይህ ነው። ከእሱስ? አሥር ወር የፈለግሁት ይህን ነው።

እና አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ በውሃ ጋሪ መጣልኝ።

ሥራው ሲጀመር ሰላም መመሪያውን ዘረዘረችልኝ። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይጠየቃል፤ በር ይዘጋል፤ ማንም አይሰማም። ወንዶቹንም ሴቶቹንም እኔ እንድጠይቅላት ሰጥታኝ፣ እሷ ደግሞ ሾዋክ ያሉትን ለመጠየቅ በአስፋልቱ በኩል በሎሪ ሄደች። ሦስት ቀን።

ከሴቶቹ በእማማ ጥሩ ጀመርኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ሊቢያ ሄዶ ወሬው ከጠፋ ሰንብቷል። ማልጄ ሄድኩና በመመሪያው መሠረት በዝግታ "እማማ፣ ለብቻዎ እፈልግዎታለሁ። ወደ ውስጥ ይግቡ" አልኳቸው። ገቡ። በሩን ዘጋሁ። "ቁጭ ይበሉ። የምጠይቅዎት ነገር አለ" አልኩና ወረቀቱን አወጣሁ።

አያችሁ ስህተቴን? ጥቁር የለበሰች፣ ደብዳቤ የምታነብ ሴት፣ በማለዳ፣ ለብቻ ጠርታ፣ በር ዘግታ፣ ቁጭ ይበሉ ብላ ወረቀት ስታወጣ ያገራችን ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ!

"ልጀን!" ብለው ጮኹ።

"ኧረ እማማ፣ ጥናት ነው!"

"ልጀን! የት ወደቀብኝ! በረሃ ነው ወይስ ባሕር ነው?"

"እማማ፣ ከአንድ እስከ አምስት የሚል መጠይቅ ነው!"

"አምስት ሆነው ሞቱ!"

ጩኸቱን የሰሙት ስድስት ጎረቤቶች በሩን ገንጥለው ሲገቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። አንዷ ገና ከደጅ ጀምራ ደረቷን ትመታለች። እኔም፣ ጉድ በሉኝ፣ ወረቀቱን እንደያዝኩ አብሬያቸው አለቀስኩ። አሥር ወር የተጠራቀመ ነበረኝ፤ ይህን የመሰለ አጋጣሚ ደግሞ በየቀኑ አይገኝም። ማንም እንዳልሞተ ለማስረዳት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። የማልረሳው አንዷ ጎረቤት ነገሩ ሲገባት "ታዲያ ማንም ካልሞተ እኔ ሊጥ ጥየ ምን አስሮጠኝ?" ብላ የተቆጣችውን ነው።

ሰባቱም ከተሰበሰቡ በኋላ "ለየብቻ ነው፣ ውጡ" ብላቸው ማን ይወጣል? ሻይ ተፈላ፤ ከርከዴም፣ ያ ቀዩ የአበባ መጠጥ፣ ተበጠበጠ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ። "ምስጢሬን ለቅርብ ጓደኛዬ እናገራለሁ። አንድ ማለት 'በፍጹም'፣ አምስት ማለት 'በጣም አዎ'።"

ከሴቶቹ አንዷ አሰብ አድርጋ "ሁለት" አለች።

እማማ ጥሩ ዓይናቸው ገና ሳይደርቅ ዞሩባት። "ልጅቱ ከካርቱም ድረስ በጭቃ መጥታ ሁለት ትሰጫታለሽ? የምን ስስት ነው? አምስት በያት!"

"እማማ፣ ስጦታ እኮ አይደለም" አልኩ።

"ካልጎደለብን ምን አለበት? ለሁላችንም አምስት አምስት ጣፊላት።"

እንዲህ ሆኖ ሰባቱ ሴቶች "ምስጢሬን ሁሉ ለጓደኛዬ እናገራለሁ" የሚለውን በአምስት አጸደቁ፤ "ምስጢሬን ለማንም አልናገርም" የሚለውንም በአምስት አጸደቁ። "ባለቤቴ ስሜቴን ይረዳልኛል" የሚለው ላይ ስንደርስ ሳቁ እስኪያልቅ ሻዩ ቀዘቀዘ። ሁሉም ዓይናቸውን ሲጠርጉ ቆይተው እሱንም አምስት አሉ።

"ይህስ ለምን?" ብዬ ጠየቅሁ።

መልሱን የሰጠችኝ የሺ ናት፤ የደሴ ሚስት። "ወረቀቱ ካርቱም ድረስ የሚሄድ ከሆነ ስማቸውን ለምን እናጠፋዋለን? ሞኛሞኝ ቢሆኑ የኛው ናቸው።"

የወንዶቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በር ዘግቼ ወንድ ልጠይቅ አልችልም። በር ከፍቼም ልጠይቅ አልችልም። ስለዚህ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ሰባት ወረቀት ለሰባቱ ሚስቶች ሰጠሁና "ባሎቻችሁ ራሳቸው ይሙሉት" ብዬ አዘዝኩ። "እሺ" አሉኝ። ወዲያው እሺ ሲሉኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

በማግስቱ ወረቀቶቹ ተሞልተው መጡ። ሰባቱም በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፈዋል፤ ሰባቱም ሽሮ ይሸታሉ። ማንበብ ጀመርኩ። የሰፈራችን ወንዶች ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የልብ ጓደኛህ ማን ነው ለሚለው ሰባቱም "ባለቤቴ" ብለዋል። ስትናደድ ምን ታደርጋለህ ለሚለው አንዱ "ጥፋቱ የኔ ስለሚሆን ይቅርታ እጠይቃለሁ" ብሏል። ይህን ያለው ሰው ባለፈው ዓመት ከበግ ጋር ተጣልቶ በጉን ያልታረቀ ሰው ነው። ሌላው "ሚስቴ ስትናገር ሥራዬን አቁሜ አዳምጣለሁ፤ እሷም ጨዋ ስለሆነች ብዙ አትናገርም" ይላል።

የደሴን ወረቀት ለመጨረሻ አቆየሁት። አሥራ ሁለተኛውን ፈለግሁ። "ስለ ሥራ" ይላል። ሌላ ምንም የለም። ጽሕፈቱን አወቅሁት፤ የየሺ ነው፤ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ከወረቀቱ ላይ አንገቴን ቀና ሳደርግ ዚሩ ፊት ለፊቴ ነበር። ተከድኗል። ተነሥቼ እንደገና ከደንኩት።

ዓርብ ሰላም ከሾዋክ ተመለሰች። አንገረብ ላይ፣ ያ በገመድ የሚጠለፈው አልጋችን ላይ ማለቴ ነው፣ ወረቀቶቹን ዘርግታ ትደምር ጀመር። ስትደምር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ ብድግ ብላ ቆመች።

"ኻልቲ! ልዩነት የለም!"

"የምን ልዩነት?"

"የወንድና የሴት! በገዳሪፍ ወንዱም ሴቱም አንድ ነው! ስሜቱን ይናገራል፤ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ያለቅሳል! ወላሂ፣ አስተማሪዬ አያምነኝም! ምናልባት ስደት ነው የቀየራቸው። ምናልባት አየሩ ነው። በርዕሱ ላይ አስቤያለሁ..."

ዝም ብል ልጅቷ ትመረቃለች፤ የሰፈራችን ወንዶችም ደግነታቸው በዩኒቨርሲቲ ማኅተም ተመትቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ማን ይጎዳል? ደጋግሜ አሰብኩበት። ግን ከነዚያ ወረቀቶች መካከል "ስለ ሥራ" የሚል አለ፤ እሱ እውነት ሆኖ ከታተመ እኔ ሌላ ቃል አላገኝም።

"ተቀመጪ ልጄ" አልኳት። በሩን ግን አልዘጋሁም፤ ከዚያ ተምሬያለሁ።

ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ወረቀቶቹን አሸተተች፤ ከዚያ አለቀሰች። ሰኞ መመለስ አለባት። ሸሚዟ ከእንግዲህ ነጭ አልነበረም። እኔም ላጽናናት ብዬ ስለ አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ስለ ደሴ፣ ስለ ክዳኑም ጭምር ነገርኳት። ሁለታችንም ፊት ለፊት ተቀምጠን ስሜታችንን አወራን። በዚህ በኩል እንኳ አስተማሪዋ አልተሳሳተም።

እንባዋን ጠርጋ ወረቀቷን ስታየው ቆየችና "ጎን ለጎን..." አለች። "ኻልቲ፣ ወንዶች የሚያወሩት እጃቸው ሥራ ላይ ሲሆን ነው ካልን፣ ጋራዡ ውስጥ ለምን አንጠይቃቸውም? እኔ እጠይቃለሁ። አንቺ አብረሽኝ ሁኚ።"

"ጥቁር ለብሼ?"

"እማማ ጥሩን እንውሰዳቸዋ!"

እማማ ጥሩ ሲነገራቸው "የማንም መርዶ ካልሆነ እመጣለሁ" አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን በዚያው ውሃ ጋሪ ተጭነን ወደ ጋራዡ ሄድን። በርሚሉ በተንገጫገጨ ቁጥር እማማ ጥሩ አህያውን በአባቱ ይሳደቡት ነበር።

ደሴ አንድ የቆመ ሎሪ ሥር ተኝቶ ይሠራል። ከወገቡ በላይ ሎሪ ነው፤ ከወገቡ በታች ሰው። የሴት ድምፅ ሲሰማ ይመታ የነበረውን ብረት አቆመ። ከጎማው ሥር አጮልቆ ጥቁር ቀሚሴን ያየ ይመስለኛል፤ እግሮቹ ወደ ውስጥ ተሳቡ። ከዚያ ሎሪ ሥር ሸሽቶ የሚገባበት የሌላ ሰው ግቢ አልነበረም።

"አያ ደሴ፣ ቢወጡና ፊት ለፊት ብንነጋገር?" አለች ሰላም።

"እዚሁ ይመቸኛል" አሉ እግሮቹ።

ሰላም ወደ እኔ አየች። ከዚያ መሬት ላይ፣ ዘይቱ ላይ፣ ከነሸሚዟ ተቀመጠችና ጀርባዋን ለጎማው ሰጠች። እኔ በሎሪው ሌላ ወገን ቆምኩ። እማማ ጥሩ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው የሰፈሩን ክብር ይጠብቃሉ።

"ጥያቄ አንድ..."

"ሦስት።"

"ገና አላነበብኩም እኮ!"

"ሦስት መካከል ናት፤ ማንንም አታስቀይምም።"

"አምስት በላት!" አሉ እማማ ጥሩ ከጎማው ላይ። "ስስታም!"

እስከ አሥረኛው ጥያቄ ድረስ በሦስት ተጓዝን። ብረቱም ቀስ እያለ መመታቱን ቀጠለ፤ በሦስትና በሦስት መካከል ትንሽ ኳ ኳ ይላል።

"አሥራ አንድ" አለች ሰላም። "የቅርብ ጓደኛህ ማን ነው?"

"አለሙ።"

"ያኒ... አሁን ያለ ጓደኛ ማለቴ ነው።"

"አለሙ አልኩሽ።"

ብረቱ ቆመ። ሰላም ወረቀቱን በሎሪው ሥር አሳልፋ ለእኔ ሰጠችኝ። ሎሪው ሥር ያሉትን እግሮች እያየሁ፣ አስተማሪ ሳለሁ በማነብበት ድምፅ አነበብኩት። "ከቅርብ ጓደኛህ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ስትገናኙ ስለ ምን ተነጋገራችሁ?"

አህያው ሳይቀር ጆሮውን አቆመ።

"እትየ" አለ በመጨረሻ። "ተይኝ።"

"አልተውህም አያ ደሴ። አሥር ወር ትቼሃለሁ።"

"የሚረባ ነገር አይደለም እኮ።"

"የማይረባውን ስጠኝ።"

መፍቻውን መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ሰማሁ። "ከትራክተሩ ሥር ጎን ለጎን ተኝተን ነበር። እንደሁሌው ዝም ብለን። ከዚያ 'ዚሩን ሳልከድነው መጣሁ' አለኝ።"

የሎሪውን ጎን ያዝኩ።

"እኔም 'ታዲያ ዛሬ አለቀልህ' አልኩት። ሳቀ። 'እሷ ይኸን ጊዜ ለእማማ ጥሩ እያማችኝ ነው' አለ። 'ክዳኑን ትቼላት ካልሄድሁ እኮ ቀኑን ሙሉ ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል ደግሞ ቤቱ ይጨንቀኛል' አለ። ከዚያ የአሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻውን አምጣ አለኝ። ሳቀብለው አልተቀበለኝም።"

መፍቻውን ከመሬት አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

"ይኸን ይዤ ለቅሶ ቤት ልግባ እትየ? ሌላው ሰው ልጀን አደራ ይላል፣ አገሬን አደራ ይላል። የኔ ጓደኛ ዚር! አሥር ወር ሙሉ የሚያምር ቃል ስፈልግለት ነበር። አንድ ቀን 'ሚስቴን አደራ ብሏል' ልልሽ ደጃፍሽ ድረስ መጥቼ ነበር። ውሸቱን መናገር አቃተኝ። እውነቱን ደግሞ አፈርኩበት።"

ሳቅሁ። መጀመሪያ በአፍንጫዬ፣ ከዚያ በሆዴ። ሎሪውን ተደግፌ፣ በጥቁር ልብሴ፣ ወንዶች በሞሉበት ጋራዥ መካከል ሳቅሁ። እንባዬም አብሮ ይወርዳል። ከየመኪናው ሥር ጭንቅላት ብቅ ብቅ አለ። እማማ ጥሩ "ኧረ በስመ አብ! ኧረ ሰው ያይሻል!" እያሉ በነጠላቸው ይሸፍኑኛል። እኔ ግን የማስበው ያን ቀትር ነበር። እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ በአንድ ሰዓት ስለ አንድ ክዳን ስናወራ። እኔ ፊት ለፊት፣ እሱ ጎን ለጎን።

ደሴ ከሎሪው ሥር ወጣ። ፊቱ ሙሉ ዘይት ነው፤ ዓይኑ ሥር ብቻ ሁለት ንጹሕ መስመር ነበር። እማማ ጥሩ አይተው "ይህንስ ስንት እንበለው?" አሉ።

ሰላም ሰኞ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ሁለታችን ስለ ደሴ መልስ ተከራከርን። መመሪያው የአሥራ ሁለተኛው ጥያቄ መልስ በሦስት ይከፈላል ይላል፤ ስሜት፣ ሥራ፣ ዕቃ።

"ዚር ዕቃ ነው ኻልቲ" አለች በሐዘን። "መመሪያው ግልጽ ነው።"

"ዕቃ በይው ልጄ። አስተማሪሽን አታስቸግሪው።"

ዕቃ ብላ ጻፈች። ስለዚህ አንድ ቀን ያን ጥናት የምታገኙ ከሆነ፣ የገዳሪፍ ወንዶች ከልብ ጓደኛቸው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ሲነጋገሩ ስለ ዕቃ ነው የሚያወሩት የሚል ታነባላችሁ። ውሸት አይደለም።

ደሴ አሁን እሑድ እሑድ ይመጣል። ራኩባው፣ የሣር ዳሱ ማለቴ ነው፣ ሥር ጥላ ላይ ይቀመጣል፤ እኔም ከጎኑ እቀመጣለሁ እንጂ ፊት ለፊቱ አይደለም። ብዙ አናወራም። የሺ በአጥሩ ላይ "ምን ተባባላችሁ?" ብላ ትጠይቀኛለች፤ "ሦስት" እላታለሁ።

ዚሩን በተመለከተ፣ ሁለት ጊዜ መክደኑን ትቻለሁ። ጠዋት ውሃ እጠጣና ክዳኑን ግድግዳ አስደግፌ ወደ ውስጥ እገባለሁ። ጥቂት ሥራ እሠራለሁ። ከዚያ እመለስና ተከፍቶ አየዋለሁ፤ "ወይ ይህ ሰው!" እላለሁ ጮክ ብዬ፤ እማማ ጥሩ ከአጥሩ ማዶ "ደግሞ ተወው?" ይሉኛል።

"ተወው" እላቸዋለሁ፤ እከድነዋለሁም።